ካርዱ ላይ ያልጻፍኩት

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ሐኪም ደወለችልኝ። የውስጥ ደዌ ሬዚደንት ናት፣ ስፔሻሊስት ለመሆን እየተማረች ነው፤ ልትጨርስ አንድ ዓመት ቀርቷታል። የመመረቂያ ጥናቷን በጉበትና በሐሞት ቱቦ በሽታ ላይ ልሥራ ብትል ጓደኞቿ ሳቁባት። «ጋሼ፣ ለጉበት ንቅለ ተከላ ሕንድ በሚኬድበት አገር እዚህ ተቀምጦ ጉበት ማጥናት ምን ይሠራል ይሉኛል። እውነታቸውን ነው እንዴ?» አለችኝ።

መልስ አልሰጠኋትም። «እደውልልሻለሁ» ብዬ ዘጋሁ። የሳቁን ነገር ስታነሳ አንድ የድሮ ሳቅ ትዝ ብሎኝ ነው። የራሴ ሳቅ። ይህንን የምጽፈው ለእሷ ነው፤ እንደ እሷ ለምትጠይቁም ይሁን።

አንብቡ፣ ሰዓት አክብሩ፣ እንግሊዝኛችሁን አሻሽሉ የሚለውን እዘለዋለሁ። እሱን ቲክቶክ ላይ በየደቂቃው የሚነግራችሁ ሞልቷል።

1984 ዓ.ም. ነው። በአንድ የክፍለ ሀገር ሆስፒታል ጠቅላላ ሐኪም ነበርኩ። ዕድሜዬ 27። በቀን ሰባ፣ ሰማንያ ሰው አያለሁ። የካቲት መጀመሪያ ላይ አንድ የኤንትሬ ጭነት መኪና ሹፌር ገባ። ሃምሳ የሚሆነው፣ ትከሻው በሩን የሚሞላ ሰው። ዓይኑ እርድ መስሏል። ሕመም የለውም፣ ትኩሳት የለውም። «ያሳክከኛል ብቻ» አለኝ። ክንዱ ላይ ሁለት ጠባሳ ነበረበት። የወፍ በሽታ ነው ብለው ተኩሰውታል።

ሚስቱ ከኋላው ቆማለች። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ «ዶክተር፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ዓይነ ምድሩ እኮ ነጭ ሆኗል። አመድ ነው የሚመስለው» አለች። እኔ እየጻፍኩ ነው፤ ቀና አላልኩም። ትንሽ ቆይታ፣ «በቅጠል ጠቅልዬ ላምጣልዎት?» አለች።

ነርሷ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። እውነቱን ለመናገር ከእሷ ይበልጥ የሳቅኩት እኔ ነኝ። «አያስፈልግም፣ እትዬ» አልኳት። ሹፌሩ አፍሮ ጫማውን አየ። ሴትዮዋ ሁለተኛ አልተናገረችም።

ካርዱ ላይ «ሄፓታይተስ» ብዬ ጻፍኩ፤ ጉበት በቫይረስ ሲቆጣ ማለት ነው። ዕረፍት፣ ቅባት መተው፣ ቀጣይ! የዚያን ቀን ምሳ ዱለት መብላቴን ሳይቀር አስታውሳለሁ። (ዱለት ካነሳሁ አይቀር፣ ጥሬ ጉበት የሐሞት ቱቦ ካንሰር ያመጣል ወይ እያለ የሚጠይቀኝ ብዙ ነው። በሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ ጥሬ የወንዝ ዓሣ ሲበላ የሚገባ የጉበት ትል አለ። ካንሰሩን ያመጣል፤ በዓለም ላይ በዚህ ካንሰር የሚያዘው ሰው ብዛት ከፍ የሚለውም እዚያ ነው። የእኛ ዱለት ሌላ ጉዳይ ነው።)

የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ አዝዤ ነበር። ኔጌቲቭ መጣ። ምን አልኩ ይመስላችኋል? «ኪቱ አርጅቶ ይሆናል።» ከሳቁ ይልቅ እስከ ዛሬ የማፍረው በዚህ ነው። ሳቁ የልጅነት ነው። ግምቴን የሚያፈርስ ወረቀት እጄ ላይ ተቀምጦ ግን ጥፋቱን በወረቀቱ ላይ አላከክሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐሞት ጉበት ውስጥ ይሠራና በቀጭን ቱቦ ወደ አንጀት ይወርዳል። ለሰገራ ቀለሙን የሚሰጠው እሱ ነው። ቱቦው ሲዘጋ ቀለሙ ከሰገራው ይጠፋል፣ በሽንት በኩል ይወጣል፤ ሽንቱ ኮካ ይመስላል። ቆዳው ማሳከክ ይጀምራል። እኛ ሰው ሲፈራ ሐሞቱ ፈሰሰ እንላለን። የዚያ ሹፌር መከራ ሐሞቱ አልፈስ ማለቱ ነበር። በሌላውም ትርጉም አልፈሰሰም፤ እስከ መጨረሻው እንደ ወንድ ልጅ ነው የቻለው።

መጋቢት መጨረሻ ላይ ተመለሰ። ኮቱ ላዩ ላይ ተንጠልጥሏል። እጁ ላይ የበቆሎ ቆሮቆንዳ ይዟል። ጥፍሩ አላደርስ ሲለው በእሱ ነው የሚያክከው። ሌሊቱን ተቀምጦ ሲያክክ ያነጋል። ሚስቱ ቆዳው እንዳይደማ ብላ ቆሮቆንዳውን በአሮጌ ነጠላ ጠቅልላለታለች። ነጠላው ላይ ትንንሽ የደም ነጠብጣብ ነበር።

አዲስ አበባ ላክሁት። አልትራሳውንድ የሚገኘው እዚያ ነው። ጉበቱ ውስጥ ያሉት ቱቦዎች በክረምት እንደሞሉ ጅረቶች አብጠዋል፤ የሐሞት ከረጢቱ ግን ባዶ ነው። የተዘጋው ከላይ ነው ማለት ነው፤ የቀኝና የግራ ቱቦ ከጉበት ወጥተው በሚገናኙበት ቦታ። እዚያ የሚበቅለው ካንሰር በአሜሪካዊው ሐኪም በክላትስኪን ስም ይጠራል። በ1965 እ.ኤ.አ. 13 ሕሙማን ላይ ያየውን ጽፎ ነው። 13 ሰው! እኔ አንዱን እንኳ አልጻፍኩም።

የመጣልኝ መልስ ግማሽ ገጽ ነበር። ቀዶ ሐኪሙ ከታች በእጁ አንድ መስመር ጨምሮበታል፤ «ሰገራው ቀለሙን ያጣው ከመቼ ጀምሮ ነው? ካርዱ ላይ የለም።»

ካርዱ ላይ የለም።

ሹፌሩ ክረምቱ ሳይገባ አረፈ። ልቅሶ አልደረስኩም። ቤታቸው በየቀኑ የማልፍበት መንገድ ላይ ነው። ድንኳኑን ሳይ በወፍጮ ቤቱ በኩል ዞሬ ሄድኩ። ሦስት ቀን እንደዚያ ዞርኩ።

ባልደረቦቼ «ዞሮ ዞሮ አይድንም ነበር» ብለው አጽናኑኝ። ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም። ያኔ ለዚህ ካንሰር ጉበት መቀየር በውጭ አገርም ተሞክሮ፣ ካንሰሩ እየተመለሰ ሐኪሞቹን ተስፋ ያስቆረጠ ነገር ነበር። በዓመቱ፣ በ1993 እ.ኤ.አ.፣ አሜሪካ ሚኒሶታ ያለው ማዮ ክሊኒክ አስቀድሞ ጨረርና ኬሞ ሰጥቶ ከዚያ ጉበት መቀየር የሚል አካሄድ ጀመረ። እስከ ንቅለ ተከላው ከደረሱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመት አልፈዋል። ግን ለተመረጠ ሰው ነው፤ እብጠቱ ትንሽ ሳለ፣ ሳይሠራጭ። የእኔ ሹፌር እዚያ ወረፋ ውስጥ አይገባም። ቶሎ ቢላክ ግን ሐሞቱ የሚወርድበት ሌላ መንገድ ሊሞክሩለት ይችሉ ነበር። ቢሳካ ማሳከኩ ይበርድለታል። ሁለት ወር እንቅልፍ ይተኛል። እስቲ ቆሮቆንዳውን አስቡትና ሁለት ወር እንቅልፍ ትንሽ ነገር ነው በሉኝ።

ንቅለ ተከላ ሲባል ዓይናችሁ ይበራል፤ አውቃለሁ። የእኔም ይበራ ነበር። ቶማስ ስታርዝል በ1963 እ.ኤ.አ. ዴንቨር ላይ የመጀመሪያውን የሰው ጉበት ሲቀይር ታካሚው የሦስት ዓመት ሕፃን ነበር። ቀዶ ሕክምናው ላይ እንዳለ ደም ፈሶት ሞተ። ተከትለው የተሞከሩትም ሳምንታት አልፈው አልሄዱም። ሥራው ቆመ። ከዓመት በላይ የኖረች ልጅ የተገኘችው በ1967 እ.ኤ.አ. ከተሠራላቸው መካከል ነው። እኔን የሚይዘኝ ግን ያ የመጀመሪያው ሕፃን ነው። በሽታው ከልደት ጀምሮ የሐሞት ቱቦ መደፈን ነበር። የዚህ በሽታ ዋና ምልክት ምን መሰላችሁ? የነጣ ሰገራ።

ለዚሁ በሽታ ጃፓናዊው ሞሪዮ ካሳይ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. አንጀትን ከጉበት ጋር የሚያገናኝ ቀዶ ሕክምና ፈጠረ። ሕፃኑ ሁለት ወር ሳይሞላው ቢሠራለት ውጤቱ ይሻላል። ታዲያ ማን በጊዜ ይያዘው? ታይዋኖች የሰገራ ቀለሞች የታተሙበት አንድ ካርድ ለእናቶች መስጠት ጀመሩ፤ በ2004 እ.ኤ.አ. አገር አቀፍ አደረጉት። እናት የልጇን ዳይፐር ከካርዱ ጋር ታስተያያለች። ከገረጡት ቀለሞች ጋር ከገጠመ ወደ ሐኪም ትደውላለች። በቃ፣ ይኸው ነው። በጊዜ ቀዶ ሕክምና የሚያገኙት ሕፃናት በዙ። ያንን ጥናት ያነበብኩ ቀን መነጽሬን አውልቄ ብዙ ተቀመጥኩ። እኔ የሳቅኩበትን ነገር ሌሎች አሳትመው ለአገር አድለውታል።

ስለዚህ ልጄ፣ ለጓደኞችሽ ይህንን ንገሪያቸው። የቀለም ካርድ ስንት ብር ነው? ንቅለ ተከላ አትመኙ ማለቴ አይደለም። በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2008 ዓ.ም. ሲጀመር እንባዬ መጥቷል። የጉበትም ቀን ይመጣል። ሲመጣ ግን ቀዶ ሐኪሙ የሚጠይቀው ያው ነው፤ ከመቼ ጀምሮ?

ሌላም አለ። በትግራይ፣ ታሕታይ ቆራሮ ወረዳ፣ ፀዓዳ እምባ በምትባል መንደር ከ1993 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሰዎች ሆዳቸው እየተነፋ በጉበት በሽታ ያልቁ ነበር። ከብቶችም ይታመሙ ነበር። የታወቁት የጉበት ቫይረሶች ናቸው ቢባል አልሆነም። ቤት ለቤት እየተዞረ ምን ትበላላችሁ፣ ውሃ ከየት ትቀዳላችሁ ተብሎ፣ ናሙና ተወስዶ፣ መጨረሻ ላይ ጣት የተቀሰረው አንድ አረም በውስጡ በያዘው መርዝ ላይ ነው። ከቤተ ሙከራው በፊት የሰው ደጃፍ ላይ የተቀመጠ ጠያቂ ነበር ማለት ነው።

እናንተ የዛሬዎቹ ከእኛ ይበልጥ ታውቃላችሁ፤ ከልቤ ነው። ግን ታካሚው ሲያወራ ዓይናችሁ ስክሪን ላይ ነው። የዘመዱ ወሬ ያሰለቻችኋል፤ «ሲቲውን አምጡ» ትላላችሁ። በእኔ ቤት ስልክ ከምርመራ ክፍል መውጣት አለበት። ደግሞ መለስ ብዬ ሳስበው፣ ያኔ ሴትዮዋ ስልክ ቢኖራት ፎቶ አንስታ አፍንጫዬ ሥር ትደቅንልኝ ነበር። እንግዲህ ምን ልበል፣ ስልኩ ይግባ።

ከስምንት ዓመት በኋላ ለሥራ በዚያ ከተማ አለፍኩ። አውቶቡሱ ጎማ ሊቀይር ቆመና አንዲት ሻይ ቤት ገባሁ። ሻዩን ያቀረበችልኝ እሷ ናት። አላወቀችኝም ብዬ ስኳሬን ሳማስል፣ «ዶክተር፣ ሸበቱ እኮ» አለች። ለቅሶ አለመድረሴን አነሳሁ፤ ይቅርታ ለማለት ሞከርኩ። «ይተዉት» ብላ በእጇ አቋረጠችኝ። ከዚያ፣ እንዴት እንደወጣኝ እንጃ፣ ጠየቅኳት። «እትዬ፣ ያኔ ዓይነ ምድሩ ነጭ የሆነው መቼ ነበር?»

አላሰበችም። ጠረጴዛውን እየወለወለች፣ «ጥር 12። ሚካኤል የገባ ለት። ታቦት ሸኝቶ ሲመለስ ነው የነገረኝ» አለች።

ኪሴ ውስጥ ወረቀት ፈለግኩ። ያገኘሁት የአውቶቡስ ቲኬት ነው። ከጀርባው ላይ ጻፍኩት።