ቆረጣና ሙሌት፦ ስለምትመጣው መንግሥት ለወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖርኩት በመንገድ ሥራ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ወንጌልን ረጋ ብዬ ሳነብ፣ በወጣትነቴ ዝም ብዬ የማልፋቸው ቃላት አሁን እንደ ሥራ ትእዛዝ ይታዩኛል። ሉቃስ በሦስተኛው ምዕራፉ መጥምቁ ዮሐንስን ሲያስተዋውቅ የኢሳይያስን ቃል ይጠቅሳል፤ ዓዘቅቱ ይሙላ፣ ተራራውና ኮረብታው ዝቅ ይበል፣ ጠማማው ይቅና ይላል። እኛ ይህንን በሙያችን ቆረጣና ሙሌት እንለዋለን። በጥንቱ ዓለም ንጉሥ ወደ አንድ አገር ሊሄድ ሲል መንገዱ አስቀድሞ ይጠገንለት ነበር። (ልማዱ ዛሬም አልጠፋም፤ ባለሥልጣን ሊጎበኘን ነው በተባለ ሳምንት ጉድጓዱ ሲደፈን፣ የመንገዱም ጠርዝ ኖራ ሲቀባ ስንት ጊዜ አይቻለሁ፤ አንዳንዴም አስቀቢው እኔው ነበርኩ።)

የጌታችንን አገልግሎት አጀማመር ከመንገዱ ተነሥቼ የምጽፍላችሁ፣ ስለ እግዚአብሔር መንግሥት ስናስብ አብዛኞቻችን ቶሎ የምንዘለው ይህንኑ የመጀመሪያውን ሥራ ስለሆነ ነው።

ሉቃስ ዘመኑን በጥንቃቄ ያስቀምጣል። ጢባርዮስ ቄሣር በነገሠ በ15ኛው ዓመት፣ ማለትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር 28 ወይም 29 ዓ.ም. አካባቢ፣ ጲላጦስ የይሁዳ ገዥ፣ ሄሮድስ አንቲጳስ የገሊላ ገዥ፣ ሐናና ቀያፋም ሊቃነ ካህናት ነበሩ። ይህን ሁሉ ባለሥልጣን በማዕረጉ ከጠራ በኋላ የእግዚአብሔር ቃል ወደ ማን እንደ መጣ ሲነግረን ግን ሁሉንም አልፎ በምድረ በዳ ወዳለው ወደ ዘካርያስ ልጅ ይወስደናል። ወደ ዮሐንስ የወጡት ሰዎች “እንግዲህ ምን እናድርግ?” ብለው ሲጠይቁት የሰጣቸውን መልስ እያንዳንዳችሁ በሥራ መጀመሪያችሁ ቀን ብታነቡት እወዳለሁ። ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው ያካፍል አለ። ቀራጮቹን ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ፣ ወታደሮቹንም ማንንም አትግፉ፣ ደመወዛችሁ ይብቃችሁ አላቸው። ሥራህን ትተህ ተከተለኝ የተባለ ሰው በዚያ መካከል የለም። ተራራው የሚቆረጠው፣ ዓዘቅቱም የሚሞላው እያንዳንዱ በተቀመጠበት ወንበር ላይ ነው። በእኔ ሙያ ቢሆን ዮሐንስ ምን ይል እንደነበር ለመገመት አልቸገርም፤ ያልተቆፈረውን ሜትር ኩብ እንደተቆፈረ አድርገህ በክፍያ ሰነድ ላይ አትፈርም ይለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጌታችን ከናዝሬት መጥቶ በዮርዳኖስ ተጠመቀ። ዕድሜው ሠላሳ ዓመት ያህል ነበር፤ የአገሩ ሰዎች የሚያውቁት በጸራቢነቱ ነው። እኛ ጥምቀትን ጥር 11 ቀን አክብረን በማግስቱ ወደ ቃና ዘገሊላ ሰርግ እንሻገራለን። ማርቆስ ግን ከውሃው እንደ ወጣ ወዲያው መንፈስ ወደ ምድረ በዳ እንዳወጣው ይጽፋል። በዚያ አርባ ቀን ከቆየ በኋላ ሰይጣን ካቀረበለት ሦስት ፈተናዎች መካከል አንዱ በቀጥታ መንግሥትን የሚመለከት ነው፦ ለአንድ ጊዜ ብትሰግድልኝ የዓለም መንግሥታት ሁሉ የአንተ ይሆናሉ። ልብ በሉ፣ መንግሥታት ለጌታችን እንዲገዙ መፈለግ በራሱ ክፉ ሐሳብ አይደለም፤ መዝሙረኛውም አሕዛብን ለርስትህ እሰጥሃለሁ ተብሎ የተጻፈ ተስፋ አለው። ክፋቱ የቀረበለት አቋራጭ መሆኑ ላይ ነው። ገሊላ፣ ዓሣ አጥማጆቹ፣ የሚያጉረመርሙት ፈሪሳውያን፣ በመጨረሻም መስቀሉ፣ ሁሉም በአንድ ስግደት ሊቀሩ ነበር።

አቋራጭን በተመለከተ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። በወጣትነቴ የአንዲት ትንሽ ድልድይ ሥራ ተሰጥቶኝ ክረምቱ እየገፋ መጣ። አርማታ የታሰበለትን ጥንካሬ ማግኘቱ የሚለካው በ28ኛው ቀን መሆኑን በትምህርት ቤት በሚገባ ተምሬያለሁ፤ ሆኖም ሥራውን በጊዜ አስረክቤ ለመመስገን ስል ከታች የደገፉትን እንጨቶች ከጊዜያቸው በፊት አስነሣሁ። ከላይ ሲታይ አርማታው ደርቆ ድንጋይ መስሎ ነበር። በሦስተኛው ቀን ተሰነጠቀ፤ አፍርሰን እንደገና ስንሠራ ክረምቱ በላያችን ላይ ወረደ። እንግዲህ “ዘመኑ ተፈጸመ፣ የእግዚአብሔርም መንግሥት ቀርባለች፤ ንስሐ ግቡ፣ በወንጌልም እመኑ” የሚለውን የጌታችንን የመጀመሪያ ስብከት ባነበብኩ ቁጥር፣ “ተፈጸመ” የሚለው ቃል የእኔን ሦስት ሳምንት እንኳ ያልሞላ ትዕግሥት ያሳፍረዋል።

በዚህ ስብከት ውስጥ በአማርኛችን የሚያደናግሩ ሁለት ቃላት አሉ። መንግሥት ስንል ዛሬ ጆሯችን የሚሰማው መሥሪያ ቤትን፣ ሚኒስቴርን፣ ግብርን ነው። የግሪኩ ቃል ግን ከግዛቱ ይልቅ ንግሥናውን፣ የእግዚአብሔርን መንገሥ ያመለክታል። ማቴዎስም “መንግሥተ ሰማያት” ሲል ከሞት በኋላ ስለሚወረስ ቦታ ብቻ አይናገርም፤ ስሙን ከማክበር የተነሣ እግዚአብሔርን በሰማያት ተክቶ ነው። ንስሐ ስንልም ቶሎ የሚታሰበን ጸጸትና ኑዛዜ ነው። እነርሱም ቦታ አላቸው፤ የግሪኩ ቃል ግን አሳብን መለወጥ ይላል፣ ከኋላው ያለው የነቢያት ጥሪም መመለስ ነው። መንገድ ስቶ የሄደ ሰው ቢጸጸትም እስካልዞረ ድረስ ከመድረሻው እየራቀ ነው።

ስብከቱ የተጀመረበት ጊዜና ቦታም ለወጣት የሚመረጥ አልነበረም። ማርቆስ “ዮሐንስም አልፎ ከተሰጠ በኋላ” ይላል፤ መንገድ ጠራጊው ታስሯል ማለት ነው። ያሰረው ሄሮድስ አንቲጳስ ደግሞ የገሊላ ገዥ ነው፤ ጌታችን ስብከቱን የጀመረው በዚሁ ሰው ግዛት ውስጥ ነው። ሄሮድስ በዚያ ዘመን በገሊላ ባሕር ዳር ጥብርያዶስን ከመሠረታት ገና ብዙ ዓመት አልሆነም፤ ቤተ መንግሥትና የውድድር ሜዳ ያላት፣ በቄሣር ስም የተጠራች ከተማ ነበረች። በሙያዬ ስመዝነው የሄሮድስ ሥራ ያስደንቀኛል፤ አልደብቃችሁም። ወንጌላውያኑ ግን ጌታችን ወደዚያች ከተማ ገባ ብለው አንድም ቦታ አልጻፉም። እርሱ ከናዝሬት ኮረብታ ከ500 ሜትር በላይ ቁልቁለት ወርዶ፣ ከባሕር ወለል በታች 210 ሜትር ያህል ዝቅ ባለው ሐይቅ ዳር፣ በቅፍርናሆም ተቀመጠ። በ1986 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ድርቅ የሐይቁን ውሃ ባሸሸው ጊዜ ከጭቃው የወጣች የአንደኛው መቶ ዘመን ጀልባ አለች፤ ርዝመቷ ስምንት ሜትር ከጥቂት ነው። ዓሣ አጥማጆቹ የዘብዴዎስ ልጆች ጌታችንን ለመከተል ትተውት የሄዱት ሀብትም በዚህ መጠን የሚገመት ነበር።

ሠራተኛ ሆናችሁ ስትኖሩ የሚከብዳችሁ፣ የሠራችሁት ሥራ ፍሬውን ሳታዩ መሄድ ነው። ማርቆስ በአራተኛው ምዕራፍ ስለ መንግሥቲቱ ከጻፋቸው ምሳሌዎች አንዱ ዘር ዘርቶ ሌሊት ስለሚተኛ፣ ቀን ስለሚነሣ ሰው ነው፤ ዘሩ ይበቅላል፣ ሰውየው ግን እንዴት እንደሚያድግ አያውቅም። መንገዱን እንድንሠራ ታዘናል፤ ንጉሡን ማምጣት ግን ከእኛ አልተጠየቀም። ይህን ባለማወቄ ብዙ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

በቅፍርናሆም የመጀመሪያው ሰንበት ማታ ከተማው ሁሉ በስምዖን ቤት ደጅ ተሰብስቦ ነበር፤ ብዙ ድውያንም ተፈወሱ። በማለዳ ገና ሳይነጋ ጌታችን ወደ ምድረ በዳ ወጥቶ ይጸልይ ነበር። ስምዖን ተከትሎት ሄዶ “ሁሉ ይፈልጉሃል” አለው። እኔ ብሆን ተመልሼ እዚያው ቢሮ እከፍት ነበር። እርሱ ግን በአቅራቢያ ወዳሉት መንደሮች እንሂድ አላቸው፤ ሰዎቹ በስምዖን ደጅ ሲጠብቁት እርሱ መንገድ ላይ ነበር።