አለቃዬ ጓደኛዬም ናት፤ የትኛዋን ልስማ?

ጥያቄ፦ የስምንት ዓመት ጓደኛዬ ከስድስት ወር በፊት የክፍላችን ኃላፊ ሆነች። ከማንም በላይ የተደሰትኩት እኔ ነበርኩ። አሁን ግን ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ትደውልና ስለ ልጇ ስታጫውተኝ ቆይታ «በናትሽ ያቺን ሪፖርት ለጠዋት አድርሽልኝ» ትለኛለች። እምቢ ማለት አቃተኝ። በቅርቡ ደግሞ በሥራ አፈጻጸም ምዘና ከጠበቅኩት ዝቅ ያለ ነጥብ ሰጠችኝ፤ ስጠይቃት «ለጓደኛዋ አደላች እንዳይሉኝ ነው፤ መቼም አንቺ ትረጂኛለሽ» አለችኝ። ባልደረቦቼም እኔ ስገባ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ «ሹመት ለውጧታል» የሚልዎት ሰው አይጠፋም። ከጻፉልኝ ተነስቼ ስገምት ግን ነገሩ እንደዚያ አይመስለኝም። «በናትሽ» የምትለውን ቃል ልብ ይበሉ። ቃሉ የጓደኛ ልመና ነው፤ ሪፖርቱ ግን የአለቃ ትእዛዝ ነው። እርስዎ እሺ ያሉት ለጓደኛዎ ነው፤ ጠዋት ሥራውን የምትረከብዎት አለቃዎ ናት።

ማርጋሬት ክላርክና ጀድሰን ሚልስ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጥናት ሁለት ዓይነት ግንኙነቶችን ለይተዋል። በአንደኛው የምንሰጠው ሌላው ስለሚያስፈልገው ነው፤ በሁለተኛው ብድሩ ስለሚመለስ። በመጀመሪያው ውለታን ቶሎ መመለስ እንዲያውም መቀራረቡን ያቀዘቅዛል። ጓደኝነት የመጀመሪያው ነው፣ ሥራ ሁለተኛው። የእርስዎ ሥራ በጓደኝነት በር ስለሚገባ የሚቆጥረው የለም፤ ድካሙ ግን ይጠራቀማል።

ስለዚህ በሩን መለየት ነው። ቀን፣ ሁለታችሁም ባልተናደዳችሁበት፣ ግማሽ ሰዓት ይጠይቋት። ለምሳሌ እንዲህ ይበሏት፦ «ማታ ስትደውዪ ጓደኛዬ ናት ብዬ ነው የማነሳው። ሥራ ከሆነ በሥራ ሰዓት በኢሜይል ላኪልኝ። ለጠዋት የማይቆይ ነገር ከገጠመሽ ደግሞ ገና ስልኩን ሳነሳ ‘ለሥራ ነው’ በዪኝ።» «ተለውጠሻል» አይበሏት። ስለ ጠባይዋ ከተነሳ ራሷን መከላከል ትጀምራለች፣ የስልኩ ነገር ይረሳል። የምዘናውንም ጉዳይ በዚያ ቀን አያንሱት፤ ሁለቱ ከተደራረቡ ቂም ይመስላል።

እሺ ብላም መርሳቷ አይቀርም፤ ልማድ ነው። ያኔ ወቀሳ አያስፈልግም። «ይሄማ የሥራ ነው፣ ጠዋት እንደገባሁ አየዋለሁ» ብለው ወደ ልጇ ወሬ ይመለሱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ሦስት ጊዜ ጸንቶ በአራተኛው ድምጿ የደከመ ስለመሰለው ብቻ ይረታል። አልፎ አልፎ የሚሳካ ልመና ሁልጊዜ ከሚሳካው ይልቅ ለመተው ይከብዳል፤ ጠያቂው «ዛሬ ትሳካ ይሆናል» እያለ ይቀጥላልና።

የምዘናው ጉዳይ ከስልኩ የከፋ ነው። አድልዎን ፈርቶ ነጥብ መቀነስም ያው አድልዎ ነው፤ የተጎዳው ሰው ብቻ ተቀየረ። በሌላ ቀን፣ በቢሮ፣ መመዘኛዎቹን ፊታችሁ አስቀምጣችሁ አንድ በአንድ እዩት። ነጥብ ከተቀነሰባቸው መመዘኛዎች ለእያንዳንዱ የሠሩትን ሥራ ከነቀኑ ይያዙ፣ ከዚያም አንድ ጥያቄ ይጠይቋት፦ «ይህን ሥራ የሠራችው ሌላ ሠራተኛ ብትሆን ስንት ትሰጫት ነበር?» መልሷ ከፍ ያለ ከሆነ እንድታስተካክል፣ ወይም የእርስዎን ምዘና የበላይ ኃላፊዋም አብሮ እንዲያየው ይጠይቋት። ይህ ለእሷም እፎይታ ነው፤ የምትፈራውን ሐሜት ብቻዋን አትሸከመውም።

የባልደረቦችዎ ዝምታ ጥላቻ ላይሆን ይችላል። ምናልባት የተናገሩት ወደ ላይ ይደርሳል ብለው ሰግተው ነው። «እኔ ወሬ አላመላልስም» ማለት ጥርጣሬውን ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ይልቅ ጓደኛዎ ስለ አንዱ ባልደረባ ደመወዝ ወይም ጥፋት ማውራት ስትጀምር «ይቅርብኝ፣ ነገ አብሬው ነው የምሠራው» ብለው ያስቁሟት። ፈቃድም እንደ ሌላው ሰው በቅጽ ይጠይቁ፤ በስብሰባም በቁልምጫ ስሟ አይጥሯት። እውነቱን ለመናገር፣ ከእርስዎም በኩል በጓደኝነት በር ያለፉ ነገሮች ካሉ (ማርፈድ፣ የዘገየ ሥራ) አስቀድመው ይተዉአቸው፤ አለበለዚያ የስልኩን ጥያቄ ለማንሳት አፍ አይኖርዎትም።

ሁለቴ ተነጋግራችሁ በሁለት ወር ውስጥ ለውጥ ከሌለ ወደ ሌላ ክፍል ለመዛወር ያመልክቱ፣ ሐሳቡን ግን መጀመሪያ ከእርስዎ ትስማው። በማመልከቻው ላይ ቅሬታ ሳይሆን «ከቅርብ ጓደኛዬ በታች መሥራቴ ለምዘና አስቸጋሪ ሆኗል» ብለው ይጻፉ። እምቢ በማለትዎ ሥራ የምትነጥቅዎት ወይም የምታስፈራራዎት ከሆነ ግን ጉዳዩ ከጓደኝነት ወጥቷል፤ የተባለውን ከነቀኑ በጽሑፍ ይዘው ወደ ሰው ሀብት ክፍል ይሂዱ።