ሰርቨሩ ተነሳ፣ ዳታቤዙ ግን እምቢ አለ

ጥያቄ፦ «በአንድ መድኃኒት አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ የአይቲ ሠራተኛ ነኝ። መብራት ድንገት ሄዶ ሲመለስ ሰርቨራችን ተነሳ። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ኡቡንቱ ነው። ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል ግን አልነሳም አለ። ደጋግሜ ሪስታርት አደረግሁት፣ ወይ ፍንክች! ጓደኛዬ የኢኖዲቢን (የማይኤስኪውኤል ዳታ አስቀማጭ ክፍል) የሎግ ፋይሎች ብታጠፋቸው ይነሳልሃል ብሎኛል። ላጥፋቸው?»

ወንድሜ፣ እንዳታጠፋ። ሪስታርት ማድረጉንም ተው።

እነዚያ ፋይሎች ስማቸው ሎግ (የክንውን መዝገብ) ስለሆነ ቢጠፉ ምንም የማያመጡ ይመስላሉ። ኢኖዲቢ ግን እያንዳንዱን ሽያጭ ቀድሞ የሚጽፈው እዚያ ነው። ወደ ቴብሎቹ (ዳታው ወደሚቀመጥባቸው ሰንጠረዦች) ፋይል የሚያዛውረው ቆይቶ ነው። መብራት ሲሄድ መንገድ ላይ የቀረውን ሥራ ሲነሳ ከዚያ እያነበበ ያሟላል። ፋይሎቹን ካጠፋህ የመጨረሻዎቹ ሽያጮች ብቻ አይደሉም የሚሄዱት፤ ቴብሎቹም በግማሽ ተጽፈው ሊቀሩ ይችላሉ። ደግሞ ይህ ጥገና ጊዜ ይወስዳል። ዳታቤዙ ትልቅ ከሆነ ዝም ያለ ሲመስልህ እየሠራ ሊሆን ይችላል፣ አንተ ደግሞ ከመሃል ታቋርጠዋለህ።

አሁን ከታች ጀምረህ ወደ ላይ ውጣ። መጀመሪያ ዲስኩን የዲስክ ጤና በሚያሳየው ትእዛዝ በስማርትሲቲኤል እየው። «ፔንዲንግ ሴክተር» (ማንበብ ያስቸገሩ የዲስክ ቦታዎች) የሚለው ቁጥር ከዜሮ በላይ ከሆነ በዚያ ዲስክ ላይ ምንም ጥገና አትሞክር። ከተጎዳ ዲስክ በሚገለብጠው ፕሮግራም በዲዲሬስክዩ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጠህ በግልባጩ ላይ ሥራ። ሬይድ (ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ የሚያሠራ ዘዴ) ካለህም አንዱ ዲስክ ከሥራ ወጥቶ እንደሆነ አረጋግጥ። (ሬይድ አለንና ባክአፕ አያስፈልገንም የሚል አለቃ ካለህ፣ እዝነቴ ካንተ ጋር ነው።)

ቀጥሎ ፋይል ሲስተሙን፣ ማለትም ፋይሎች በዲስኩ ላይ የሚደራጁበትን ሥርዓት፣ እየው። ኡቡንቱ የዲስኩ ዋናው ክፍልፍል (ፓርቲሽን) ላይ ስህተት ሲያገኝ ብዙ ጊዜ ሪድ ኦንሊ (የሚነበብ እንጂ የማይጻፍበት) ያደርገዋል። መጻፍ የማይችል ዳታቤዝ ደግሞ አይነሳም። እንደዚያ ከሆነ ሰርቨሩን በፍላሽ አስነስተህ፣ ክፍልፍሉ ማውንት ሳይደረግ (ለሥራ ሳይከፈት)፣ የፋይል ሲስተም መጠገኛውን ኤፍኤስሲኬ አስኪድ። ማውንት በተደረገ ዲስክ ላይ ማስኬድ ደህናውንም ያበላሻል። እግረ መንገድህን ዲስኩ ሞልቶ እንዳይሆን ተመልከት። የመብራት ሰበብ የተለጠፈባቸው ስንት ሰርቨሮች ጥፋታቸው የሞላ ዲስክ ሆኖ ተገኝቷል!

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ማይኤስኪውኤልን አቁመህ የዳታ ፎልደሩን እንዳለ ወደ ውጭ ዲስክ ገልብጥ። ይህን ሳታደርግ ምንም አትንካ። ከዚያ የኤረር ሎጉን (ማይኤስኪውኤል ስህተቶቹን የሚመዘግብበትን ፋይል) መጨረሻ በደንብ አንብብ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው፤ መልሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ተጽፏል።

ሎጉ «የተበላሸ ፔጅ (የዳታ ፋይሉ ቁራጭ) አለ» ካለህ፣ ትናንት ማታ የተወሰደ ደህና ባክአፕ ካለህ እሱን መመለስ ይሻልሃል። ከሌለህ ዳታቤዙን ጉዳት እያለበትም በግድ የሚያስነሳውን ኢኖዲቢ ፎርስ ሪከቨሪ የሚባለውን ቅንብር ተጠቀም። ከ1 እስከ 6 ይሄዳል። በ1 ጀምር፣ ካልተነሳ ብቻ አንድ ጨምር። እስከ 3 ድረስ ብዙ አያሰጋም። ከ4 ጀምሮ ዳታውን ለዘለቄታው ሊያበላሽ ስለሚችል በግልባጩ ላይ ብቻ ሞክረው። እንደተነሳልህ ዳታውን ወደ ፋይል በሚያወጣው ትእዛዝ በማይኤስኪውኤል ደምፕ አውጣና በአዲስ ንጹህ ዳታቤዝ ላይ መልሰህ ጫን። በዚህ ቅንብር ሽያጭ ለመቀጠል አታስብ፤ ዳታ ለማውጣት እንጂ ለሥራ አልተሠራም።

ሰርቨሩ አሮጌ ከሆነ ሰዓቱንም እየው። የማዘርቦርዱ ባትሪ ካለቀ ቀኑ ወደ ኋላ ይመለስና የደረሰኞችህን ቀን ያመሰቃቅላል። ባትሪው ብዙ ጊዜ ሲአር2032 ነው፣ ዋጋውም ትንሽ ነው።

ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጊዜው የሚያሠራ ባትሪ) ካላችሁ፣ በዩኤስቢ ከሰርቨሩ ጋር አገናኘው። ባትሪው ሳያልቅ ሰርቨሩ ራሱን በሥርዓት እንዲያጠፋ አድርገህ አስተካክለው። አለበለዚያ ዩፒኤሱ መጥፋቱን በደቂቃዎች ከማዘግየት ሌላ አይረባህም። ይህን ሁሉ ሠርተህ ካልተነሳ የኤረር ሎጉን የመጨረሻ መስመሮች ላክልኝ፤ የይለፍ ቃልና የደንበኛ ስም ካለበት ሰርዘህ።