ለሃይሮክስ ምን ልልበስ፣ ምን ልያዝ ላልሽው

«ዱባይ ሃይሮክስ፣ ሩጫና የጂም ሥራ የተቀላቀለበትን ውድድር፣ ልወዳደር ነው፤ የመጀመሪያዬ ነው። ምን ልልበስ? ሻንጣዬ ውስጥስ ምን ልክተት?» ላልሽው እህቴ፦ እኔም የሐዋሳ ልጅ ነኝ። እዚያው ዱባይ በሴቶች ኦፕን፣ ማለትም በመደበኛው ምድብ፣ ተወዳድሬ ስለመጣሁ ያየሁትን ልንገርሽ።

ከጫማው ልጀምር። አንድ ኪሎ ሜትር ትሮጫለሽ፣ አንድ የጉልበት ሥራ ትሠሪያለሽ፤ ይህ ስምንት ጊዜ ይደጋገማል። እኔ «8 ኪሎ ሜትር ከተሮጠ የሩጫ ጫማ ነው የሚያዋጣው» ብዬ ከሯጭ ጓደኛዬ ሶሉ እንደ ፍራሽ የሚለመጥ ጫማ ተዋስኩ። ሐይቁ ዳር ስሞክረው ክንፍ ያወጣሁ ነበር የመሰለኝ። ስሌዱ ጋ ስደርስ ጉድ ፈላ። ስሌድ ክብደት የተጫነበት ብረት ነው፤ የእኛ ከነራሱ 102 ኪሎ ይመዝናል። ምንጣፍ ላይ 50 ሜትር ትገፊዋለሽ። እኔ ወደፊት እገፋለሁ፣ እግሬ ወደኋላ ይሸሻል። ብረቱ ንቅንቅ አይልም። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ሶሉ ሳሳ ያለ፣ ጎማው የሚይዝ ጫማ አድርጋ ነበር። እኔ ግማሹን ሳልጨርስ ጥላኝ ሄደች።

ስለዚህ ጫማሽን ቤት ፈትሺው። ምንጣፍ ላይ ቁሚና ግድግዳውን በሙሉ ኃይልሽ ግፊ። ከተንሸራተትሽ ተዪው። ደግሞ አዲስ ጫማ እንዳታደርጊ፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ሩጪበት፣ ታቦር ተራራንም ውጪ ውረጂበት።

ሁለተኛ፣ ጫማውንም የውድድር ልብሱንም በእጅ ሻንጣ ያዢ። የእኔ ትልቁ ሻንጣ የደረሰው በማግስቱ ነው። ጫማዬ ደግነቱ ጀርባዬ ላይ ነበር፤ ታይቴ ግን ሻንጣው ውስጥ ቀረ። ሮጥ ብዬ አንድ ሱቅ ገባሁና ሳልለካ ገዛሁ። በርፒው ላይ፣ ማለትም 80 ሜትር እየተኛሽ እየተነሳሽ በምትዘይበት፣ ወገቡ ይወርድ ጀመር። አንድ እጄ ታይት ያዥ ሆኖ ዋለ!

ታይቱ ጉልበት የሚሸፍን ይሁን። ላውንጅ፣ ማለትም እየተንበረከክሽ መራመድን፣ ስትሠሪ በየእርምጃው ጉልበትሽ ወለል መንካት አለበት፤ ትከሻሽ ላይ 10 ኪሎ የአሸዋ ከረጢት ተሸክመሽ 100 ሜትር ነው። ባዶ ጉልበት ይላጣል። ቲሸርቱም ትከሻ ያለው ቢሆን ይሻላል፤ ከረጢቱ አንገት ሥር ይፈገፍጋል። ሰዓት መቆጣጠሪያው ቺፕ ቁርጭምጭሚት ላይ ስለሚታሰር ታች ሰፊ የሆነ ሱሪ አይሆንም።

ጓንት አያስፈልግሽም። እኔ ገዝቼ ገና ሁለተኛው ሥራ ላይ አውልቄ ጣልኩት። ጥፍርሽን ብቻ ቁረጪ። በሁለት እጅ 16፣ 16 ኪሎ ይዘሽ 200 ሜትር መሄድ አለ፤ ጀሪካን ተሸክመን ላደግን ያን ያህል አያስፈራም።

ፀጉር ሹሩባ ነው፤ ግን በዋዜማው አትሠሪው። አዲስ ሹሩባ ወጥሮ ራስ ምታት ሲጨመርበት አስቢው።

ጃኬት እንዳትረሺ። ውጭው እሳት ነው፤ አዳራሹ ግን በኤሲ የቀዘቀዘ ነው። ተራሽን ስትጠብቂ ሰውነትሽ ይደርቃል። በነገራችን ላይ መነሻ ሰዓትሽን በፈረንጅ ሰዓት አቆጣጠር ጻፊው። የእኔ 10፡20 ይላል፤ እናቴ ከሐዋሳ ደውላ «ከሰዓት በኋላ ነው እንዴ?» አለችኝ። የዱባይ ሰዓት ከእኛ በአንድ ሰዓት እንደሚቀድምም አትርሺ።

ለምግቡ በሶ ያዢ። እኔ ሁለት ሰዓት ሲቀረኝ በማርና በውኃ በጥብጬ ጠጣሁ፤ አልከበደኝም፣ አልራበኝም። እዚያ የሚሸጠውን ኃይል ሰጪ ጄል ለመጀመሪያ ጊዜ በውድድሩ ቀን እንዳትሞክሪው። ቆሎው ለአውሮፕላኑ ነው።

ፓስፖርት፣ ፎጣ፣ ትርፍ ካልሲ፣ ነጠላ ጫማ። ነጠላ ጫማውን በደንብ አስምሪበት። ስትጨርሺ እግርሽ አብጦ ስኒከር ውስጥ መልሶ አይገባም።

እግርሽ 38 ነው? ከዚያ ወዲህ የገዛሁት፣ ምንጣፍ የሚይዝ ጫማ አለኝ፤ ጠበበኝ። ቅዳሜ ጠዋት ፍቅር ሐይቅ ዳር ነኝ፤ ነይና ለኪው።