ሐዋሳ ላይ ቢሮ፦ እናንተ ጠየቃችሁ፣ እኔ ልመልስ

ሐዋሳ ውስጥ ሕንፃ ሳከራይና ሳዋውል ዓመታት አልፈዋል። ስለ ቢሮ ኪራይ የሚያሳስባችሁን ጠይቁ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ዘነበ።

ጥያቄ፦ ሕንፃው በየቦታው ይሠራል፤ ላይኛው ፎቅ ግን ባዶ ነው። ለምን?

መልስ፦ ሕንፃውን ተወውና ተከራዩን እይ። የከተማችን የቢሮ ገበያ ለብዙ ዓመት የኖረው በክልል መንግሥት ነው። ሐዋሳ የደቡብ ክልል ዋና ከተማ ሳለች ቢሮው፣ ፕሮጀክቱ፣ ኤንጂኦው፣ ከጂንካና ከሆሳዕና ጉዳይ ሊያስፈጽም የሚመጣው ሁሉ እዚህ ነበር። ሰኔ 2012 ሲዳማ ራሱን ችሎ ክልል ሆነ። በ2014 ደቡብ ምዕራብ ወጣ። ነሐሴ 2015 ደግሞ የቀረው ለሁለት ተከፈለ፤ መሥሪያ ቤቶቹም ወደ ወላይታ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ፣ ሆሳዕናና ሌሎች ከተሞች ሄዱ። ሐዋሳ ዛሬም የክልል ከተማ ነች፤ ግን የአንድ ክልል፣ የሲዳማ። ብዙው ባለሕንፃ መሠረት ሲያስቆፍር ያሰበው የድሮውን ተከራይ ነበር። ምሳ ቤቱና ፎቶ ኮፒ ቤቱም አብረው ቀዝቅዘዋል።

ጥያቄ፦ ኢንዱስትሪ ፓርኩስ?

መልስ፦ ሐምሌ 2008 ሲመረቅ ሁላችንም ኪራይ ይንራል ብለን ነበር። ናረ፤ ግን የሰርቪስ ቤት ኪራይ ነው የናረው። ከገጠር የመጡ ልጆች አንዲት ክፍል ለሦስት ለአራት ይጋራሉ። የፋብሪካዎቹ አስተዳደር ግን እዚያው ግቢ ውስጥ ነው፤ ከተማ መጥቶ ቢሮ አይፈልግም። ኅዳር 2014 የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች ለቆ ሲወጣ፣ ታኅሣሥ 2014 ደግሞ አሜሪካ ከአጎዋ፣ ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድሏ፣ ስታስወጣን፣ የደነገጠው ሰርቪስ ያከራየው ሰው ነው።

ጥያቄ፦ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። ምድር ልከራይ ወይስ ፎቅ?

መልስ፦ ፎቅ፣ እህቴ። ምድሩን ለባንክ፣ ለፋርማሲና ለካፌ ተይው። ያንቺ ደንበኛ ስልክሽን ይዞ ነው የሚመጣው፤ በመንገድ ሲያልፍ አይቶሽ አይገባም። መብራት በጠፋበት ሰዓት ሄደሽ እዪው። ሊፍቱ ይሠራል? ውሃ አራተኛ ፎቅ ይደርሳል? ቆጣሪው የብቻሽ ነው ወይስ የጋራ? «ጄኔሬተር አለ» ካሉሽ የናፍጣውን ማን እንደሚከፍል ጠይቂ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚጣላው።

ጥያቄ፦ ኪራይ መጨመር ተከልክሏል አይደል?

መልስ፦ አዋጅ 1320/2016 ለመኖሪያ ቤት ነው። ቢሮ አይመለከተውም፤ መከታህ ውልህ ብቻ ነው። ጭማሪው በስንት ጊዜና በምን ያህል እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ። የተነገረህ ዋጋ 15 በመቶውን ቫት ይጨምር እንደሆነም ጠይቅ። ከ5 ዓመት በላይ የምትዋዋል ከሆነ ውሉን አስመዝግብ፤ አለዚያ ቤቱ ቢሸጥ አዲሱ ባለቤት አይገደድበትም።

ጥያቄ፦ ሕንፃው ባዶውን ከሚያድር ባለቤቶቹ ኪራዩን ለምን አይቀንሱም?

መልስ፦ ለአንዱ ከቀነሱ ነገ ሌላውም ይቀነስልኝ ይላል። ደግሞ ለብዙው ባለቤት ሕንፃው ቁጠባው ነው፤ ሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ ዋጋ ይመንዘር ከተባለ ወዲህ ይሄ ስሜት ብሶበታል። ብሩ ከሚሟሽሽ ሕንፃው ይቁም ይላሉ። ስለዚህ በካሬው ዋጋ ድርቅ አትበሉ። «ስድስት ወር በአንዴ እከፍላለሁ፣ ፓርቲሽን የምሠራበትን ወር በነፃ ስጡኝ» በሉ። እሺ የሚሉት ይሄን ነው።

ጥያቄ፦ ጂ ፕላስ 4 ልጀምር ነው። ሙሉውን ቢሮ ላድርገው?

መልስ፦ ምድሩን የሚይዝ ባንክ ሳይፈርም? እኔ አልደፍርም።

ጥያቄ፦ አዳማ አይሻልም ትላለህ?

መልስ፦ ለስብሰባ አዳራሽና ለሆቴል፣ አዎ። ለቢሮ እንጃ። አዳማ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በፍጥነት መንገዱ አለቃው ጠዋት መጥቶ ማታ ቤቱ ይገባል። ሐዋሳ ግን 275 ኪሎ ሜትር ነው። ሲዳማና አካባቢው ላይ መሸጥ የፈለገ ድርጅት እዚህ ሰው ማስቀመጥ ግድ ይለዋል። ብልህ አከራይ አሁን የሚያሳድደው እንዲህ ያለውን ነው፦ መድኃኒት አከፋፋዩን፣ ኢንሹራንሱን፣ የግል ኮሌጁን።