ማይነራችሁን የቅድመ መደበኛ ትምህርት ልታደርጉ ላሰባችሁ

ልጆቼ፣ ጎንደር ውስጥ ሳይኮሎጂ፣ ሶሻል ወርክ፣ ነርሲንግ ወይም አማርኛ እያጠናችሁ የሕፃናትን ትምህርት በማይነርነት (ከዋናው ትምህርታችሁ ጎን በሁለተኛነት) ልትይዙ ካሰባችሁ መጀመሪያ ምክንያታችሁን ፈትሹ። «ቀላል ነው፣ ጂፒኤ ያነሳል» ከሆነ ተዉት። ኬጂ ለማስተማር ካሰባችሁም ማይነር ብቻውን መምህር አያደርግም፤ እሱን የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ማይነር አብዛኛውን ጊዜ 18 ክሬዲት ገደማ ነው፣ ባለ 3 ክሬዲት 6 ኮርስ ማለት ነው። ከስድስቱ ቢያንስ አንዱ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ልጅ ማየትን የሚጠይቅ ይሁን። ሁሉም በሃንድአውትና በፈተና ካለቁ የልጆችን የአስተሳሰብ ዕድገት ስላጠናው ስለ ፒያዤ አራት ገጽ ትጽፉ ይሆናል፤ እርሳሱን በጡጫው የጨበጠ የ4 ዓመት ልጅ ሲገጥማችሁ ግን የምታደርጉት ይጠፋችኋል። የዚያ ልጅ ጣት ገና አልጠነከረም። ጭቃ ይጠፍጥፍ፣ ባቄላ ይልቀም፤ መስመር መሙላቱ ይቆየው። ጭቃ ደግሞ ወለቃ ሸክላ ሠሪዎቹ ዘንድ አይጠፋም። ሃንድአውቱ አሮጌ ከሆነም ልብ በሉ፦ ብዙዎቹ የሚያወሩት ስለ 3 ዓመቱ ኬጂ ነው፣ በ2015 ዓ.ም. የወጣው ፖሊሲ ግን ቅድመ አንደኛን 2 ዓመት አድርጎታል።

ወደ ትምህርት ቤት ለመግባት ከትምህርት ክፍላችሁ የትብብር ደብዳቤ ያዙ። የመንግሥት ከሆነ መጀመሪያ ትምህርት መምሪያ፣ ቀጥሎ ርእሰ መምህሩ ዘንድ ነው። መስከረም ላይ አትሂዱ፤ ግማሹ ክፍል እናቱን እያለ ያለቅሳል። ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ ይሻላል። ከረሜላ ይዛችሁ አትግቡ፣ ልጆቹ ሁሉ እናንተን ማየት ይጀምራሉ።

የማስታወሻውን ገጽ ለሁለት ክፈሉት። በግራ ያያችሁት፣ በቀኝ የገመታችሁት ይጻፍ። አንድ ልጅ፣ 10 ደቂቃ፣ ለምሳሌ ከ3፡20 እስከ 3፡30። «ተናደደች» የቀኝ ነው። «ጠመኔውን ወረወረች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች» የግራ ነው። ቀኙን ከክፍል ከወጣችሁ በኋላ ሙሉት፤ እዚያው ከጻፋችሁት ዓይናችሁ ግምታችሁን የሚደግፈውን ብቻ ይለቅማል። ሌላው የተለመደ ስሕተት የሚረብሸውን ልጅ መምረጥ ነው። ከስም መጥሪያው ላይ በየአምስተኛው ምረጡ፣ ከኋላ ዝም ብላ የምትቀመጠውም ትገኛለች። ስም አትጻፉ፤ አንድ ፊደልና ዕድሜ በወር ይበቃል።

ፊደል ላይ ቆም በሉ። 33 ፊደል በሰባት ቤት 231 ነው፣ ልጆቹም በዜማ ያንበለብሉታል። ዜማ ግን ንባብ አይደለም። ካርቶን ላይ አንድ ፊደል ብቻ የሚያሳይ ቀዳዳ አውጡና የፊደል ገበታው ላይ አስቀምጡት። «ሎ» ሲመጣለት በሹክሹክታ «ለ፣ ሉ፣ ሊ...» እያለ ከቆጠረ ልጁ ረድፉን እንጂ ፊደሉን አያውቅም። የኔታ ይህን ችግር ከጥንት ያውቁታል፤ ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳ የሚመጣው ለዚሁ ነው። «አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ» ሲባል ፊደሉም ቤቱም ስለሚቀያየር የሸመደደው ይያዛል። የቄስ ትምህርት በሞላበት በዚህ ከተማ ተቀምጦ ለኮርስ ፕሮጀክት ርእስ አጣሁ ማለት ያሳፍራል። (አርጩሜውን እዚያው ተዉት።) ቀዳዳውን ከሁለት ሳምንት በኋላ በዚያው ልጅ ድገሙት፤ አንድ ጊዜ ብቻ የተደረገ ፈተና ልጁ ያን ቀን ቁርስ መብላቱን ከመለካት አያልፍም።

አንድ ሳምንት ግን አታምልጣችሁ፣ ጥምቀት ያለፈበትን ሳምንት። ጥር 11 ልጆቹ ቀሃ፣ ጥምቀተ ባሕሩ ዘንድ ወርደው ያዩትን ሁሉ ግቢው ውስጥ ይደግሙታል። አንዱ ካርቶን ተሸክሞ ታቦት ይሆናል፣ ሁለተኛው በፌስታል ጃንጥላ ይዘረጋለታል፣ ሌላዋ ጀሪካን ትመታለች። መምህሯ «ዝም በሉ፣ ግቡ» ከማለታቸው በፊት ያላችሁ ጊዜ ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። ካርቶኑን ማን እንደተሸከመ፣ ተራ የጠየቀው በምን ቃል እንደጠየቀ፣ የተከለከለውስ አልቅሶ ሄደ ወይስ ሌላ ካርቶን ፈለገ፣ ሁሉንም በግራ በኩል ጻፉ።