መልስ፦ የእናቴ ስኳር 8 ሆኖ ሐኪሙ ለምን መድኃኒት አልጨመረም?

እህቴ፣ የ75 ዓመት እናትሽ የሦስት ወር አማካይ ስኳር 8 በመቶ ሆኖ መድኃኒት ስላልተጨመረላት «ችላ ተብላ ይሆን?» ብለሻል። አይመስለኝም። አኮርድ የሚባለው ጥናት ከ10,000 በላይ የስኳር ሕመምተኞች ነበሩት። ስኳራቸው ከ6 በታች እንዲወርድ ጠበቅ ተደርገው የታከሙት ላይ ሞት ስለበዛ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ያ ሕክምና ቆመ። ለአዛውንት የስኳር መውረድ ራሱ አደጋ ነው። የኔን እናት ስኳሯ ወርዶ ፒያሳ የታክሲ ሰልፍ ላይ ላብ አጥምቋት፣ እጇ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ለስላሳ ሮጬ ገዝቼ ነው የተረፈችው።

ውድ መድኃኒት ለመግዛት አትቸኩይ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 አቅማቸው ዝቅተኛ ለሆኑ አገሮች ያወጣው መመሪያም ሜትፎርሚን የሚባለው ርካሽ የስኳር ክኒን ብቻውን ካልበቃ፣ ሰልፎኒልዩሪያ የሚባሉትን ርካሽ ክኒኖች ነው የሚያስቀድመው። ግን ልቧን ወይም ኩላሊቷን የሚያማት ከሆነ ሂሳቡ ይለወጣል፤ ውዱ ሊያስፈልጋት ይችላል። እሱን ሐኪሟን በደንብ ጠይቂ።